የታፔላው ሰዓሊ ለምን አላሳመነም?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ጅማ ነው። ቀን ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ፣ ማታ ማታ አጭር ልብወለድ እሞክራለሁ። የአሁኑ ታሪኬ ስለ አንድ የታፔላ ሰዓሊ ነው። ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት ዘንድ ዱቤ ይጠራቀምበትና፣ በዕዳው ፈንታ የሞተች እናቷን ግድግዳው ላይ ይሥልላታል። ሥዕሉን ያየ ሁሉ ያለቅሳል፤ የተጣላ ይታረቃል፤ ሰካራሙ መጠጥ ያቆማል። ለጓደኞቼ ባነብላቸው «ስብከት ነው» አሉኝ። ሥዕል ተራውን ሰው እንደሚነካ እንዴት አድርጌ ልጻፍ? ደግሞስ ሰዎቼ መሀል ላይ ኦሮምኛ ቢያወሩ አንባቢ ይቸገራል?
ባለሱቋ፣ ከጅማ

መልስ፦ ባለሱቋ፣ ጓደኞችሽ እውነታቸውን ነው። ታሪኩን ግን እንዳትጥዪው። ዱቤው ግሩም ነው። በዱቤ የተሣለ ሥዕል በጥሬ ብር ከተሣለው የበለጠ ጣጣ አለው። ሴትየዋ ባትወደውስ? ዕዳው ይሰረዛል ወይስ ይቆያል? አንቺ ይሄን ሁሉ ዘለሽ ሰተት ብለሽ ልቅሶው ውስጥ ገባሽ።

መጀመሪያ ሰውዬውን ሥራ አሠሪው። ከላክሽልኝ ገጾች ውስጥ «ብሩሹን አንሥቶ ነፍሱን ቀባ» የሚል አለ። የጅማ ልጅ ሆነሽ ዝናቡን እንዴት ረሳሽው? ግድግዳው የጭቃ ነው ብለሻል። እርጥብ ጭቃ ላይ የዘይት ቀለም ከተቀባ፣ ውስጥ የቀረው ውሃ መውጫ ያጣና ቀለሙን ያሳብጠዋል፤ ከዚያ መላጥ ነው። ይሄን ደግሞ ማንም የታፔላ ሰዓሊ ያውቃል። ስለዚህ ሰውዬሽ ወይ በጋ እስኪገባ ይጠብቃል፣ ወይ ቆርቆሮ ላይ ሥሎ ይሰቅላል። እስከዚያው ቡናውን በዱቤ መጠጣቱን አያቆምም። ለምን ደኸየ ብሎ ለሚጠይቅሽ ደግሞ የባነር ማተሚያ ማሽን አለልሽ። ዛሬ ማን ታፔላ በእጅ ያስጽፋል?

የእናትየውን መልክ ከየት ያመጣዋል? ከጉርድ ፎቶ ነዋ። ፎቶው ላይ በእርሳስ ትንንሽ ካሬ ያሰምራል፣ መሣያው ላይ ትልልቅ ካሬ ያሰምራል፣ ከዚያ አንዱን ካሬ በአንዱ እያየ ያሳድገዋል። አሁን አስቢው፦ ሴትየዋ ያለቻት ፎቶ ያቺው አንዲት ብትሆንስ? «እናቴ ፊት ላይማ እርሳስ አታሳርፍም!» ብትለውስ? ሰውዬው ፎቶውን በላስቲክ ሸፍኖ ላስቲኩ ላይ እስኪያሰምር ድረስ፣ እሷ ጀበናውን ትታ አጠገቡ ትቆማለች። እኔ ከዚያ ሁሉ እንባ ይቺን ጠብ እመርጣለሁ።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ። ጅማ ስኖር አከራዬ የነበሩት እማማ ባለሦስት እግር በርጩማ ነበራቸው። የጅማ ጠራቢዎች ከአንድ የዋንዛ ግንድ የሚያወጡት፣ ሚስማር የሌለበት ነው። ሦስት እግር ስለሆነ ወጣ ገባ መሬት ላይ እንኳ አይንገዳገድም። መቀመጫው ከመጥቆሩ ብዛት ያብረቀርቃል። የሚወዱት እንግዳ ሲመጣ በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ያደርጉና ያቀርቡለታል። የማይወዱት ሲመጣ በርጩማው ጓዳ ይገባና ፕላስቲክ ወንበር ይወጣል። ኪራይ ያዘገየሁ ወር እኔም ፕላስቲኩ ደርሶኛል። ስለ ጥበብ ግን ሲያወሩ አንድም ቀን አልሰማኋቸውም።

ያንቺም ሴትዮ እንዲሁ አንድ ነገር ታድርግ። ጭስ እንዳይነካው ከሰሉን ታዛውር። ጀርባውን ለእናቷ ሰጥቶ የተቀመጠን ደንበኛ «ዞር በል እንጂ!» ትበለው። ሰካራሙም መጠጡን አያቁም፤ ቦታ ይቀይር፣ ይበቃል።

የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊዎቻችን እዚህ ላይ ብልሆች ነበሩ። ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዓይን ይሥሉታል። ፊደል ያልቆጠረውም ምእመን ማን ማን እንደሆነ ይለያል። ሥዕሉን በገንዘቡ ያሠራው ሰው ደግሞ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ ይታያል። ያንቺ ቡና ሻጭ ዱቤውን ሰርዛ የለ? እኔንም ከግርጌ አስገባኝ ብትለው ምን ይገርማል? እናት ሁለት ዓይን አላት፤ ሴትየዋ ያልከፈሉ ደንበኞችን በአንድ ዓይን ሣልልኝ ብትልማ ታሪኩ አለቀልሽ!

ጊዜ ካገኘሽ ጅሬን ውጪና የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እንጨት ሥራ እይ። ከእንጨቱ ይልቅ ግን ጎብኚውን እዪ። ማን ቀና ብሎ ያያል፣ ማን ስልኩን ያወጣል፣ ማን ያዛጋል? የሚያዛጋውንም ታሪክሽ ውስጥ አስገቢው። ሁሉም የሚነካበት ሥዕል እኔን አያሳምነኝም።

ኦሮምኛውን አትፍሪው። ጅማ ውስጥ ቡና ሲጠጣ አማርኛ ብቻ የሰማ ደራሲ ጆሮውን ይታይ። «አካም ጂርታ» ብሎ የገባ ደንበኛ ሰላም ማለቱን አንባቢ ከመልሱ ይረዳል። ረዘም ያለውን ንግግር በአማርኛ ጻፊው፤ በቅንፍ ትርጉም አትደርድሪ። ሁለተኛውን ረቂቅ ስትልኪ ደግሞ የሰዓሊውን ስም ቀይሪልኝ። ብርሃኑ የማይባል ሰዓሊ ያለበት ታሪክ ከደረሰኝ ቆየ።