ሕፃኑን አንተ አትያዘው

ጥያቄው የመጣው መንዝ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ራጅ ክፍል ከሚሠራ ወጣት ነው። «ሕፃናት ሲመጡ የሚይዝልኝ ስለሌለ ጨረር የሚከላከለውን የእርሳስ ኤፕረን ለብሼ ራሴ ነኝ የምይዛቸው፤ ቁልፉን ጓደኛዬ ይጫናል። ኤፕረኑም መታጠፊያው ላይ ተሰነጣጥቋል። ሰርጌ ለጥር ተቆርጧል፤ ራጅ ላይ የሠራ ልጅ አይወልድም ይሉኛል። ወተት ጠጣ፣ ያጥበዋል የሚሉኝም አሉ። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ ልብህን ከከበደው ልጀምር። የወንድ ዘር ለጊዜው የሚቀንሰው የዘር ፍሬው ላይ በአንድ ጊዜ 150 ሚሊግሬይ ገደማ ሲያርፍ ነው፤ ለዘለቄታው ለማምከን ከ3 ግሬይ በላይ ያስፈልጋል። ለእኛ ለሠራተኞች የተቀመጠው ጣሪያ ግን የ5 ዓመቱ አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው (በራጅ 1 ሚሊሲቨርትን እንደ 1 ሚሊግሬይ ቁጠረው)፤ ደንቡን ጠብቆ የሚሠራ የራጅ ባለሙያ ከዚያ በጣም ዝቅ ብሎ ነው ዓመቱን የሚጨርሰው። ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ የተረፉ ሰዎች ከዚያ በኋላ የወለዷቸው ልጆችም ለአሥርት ዓመታት ተጠንተዋል፤ በዘር የተላለፈ ጉዳት መጨመሩ አልተረጋገጠም። ሰርግህን በሰላም ደግስ።

ወተት ጥሩ ምግብ ነው፣ ጠጣ። ጨረርን ግን አያጥብም፤ የሚታጠብ ነገርም የለም። ጨረሩ ቁልፉ ሲለቀቅ ያበቃል፣ ሰውነት ውስጥ አይቀመጥም። ሊቀር የሚችለው ጉዳቱ ነው። ጨረሩ ሴል ውስጥ ያለውን ውሃ ይሰብራል፣ ዲኤንኤንም ይቆርጣል። ሴሉ አብዛኛውን መልሶ ይጠግነዋል፤ አንዳንዴ ግን አሳስቶ ይጠግናል፣ ካንሰርም ከዓመታት በኋላ ከዚያ ሊነሳ ይችላል። ለካንሰር «እስከዚህ ድረስ ምንም አይልም» የሚባል ወሰን አለ ብለን አንሠራም። ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሴል ደግሞ ይበልጥ ይጎዳል፤ ካንተ ይልቅ ሕፃኑ የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው።

እንግዲህ መያዙን ከዛሬ ጀምሮ ተው። አንዲት እናት ልጇን አንዴ ወይ ሁለቴ ትይዝ ይሆናል፤ አንተ ግን ዕድሜ ልክህን ልትይዝ ነው። ኤፕረን የሚመክተው ከታካሚው አካል ተበትኖ የሚመጣውን ጨረር ነው፤ ዋናው ጨረር ውስጥ የገባ እጅን አያድንም። መጀመሪያ ሕፃኑን በነጠላ አስጠቅልለው፤ ልጅ መጠቅለል ለእናቶቻችን የሚነገር ነገር አይደለም። ካልሆነ እናቱ ወይም አባቱ ይያዙት። እናትየዋን እርጉዝ አለመሆኗን ጠይቃት፣ ኤፕረን አልብሳት፣ ከዚያ ጨረሩ የሚያርፍበትን ክልል የሚወስነውን ኮሊሜተር አጥብበህ እጇ ብርሃኑ ካረፈበት ክልል ውጭ መሆኑን አይተህ አንሳ።

አንገቱ ላይ ማተብ ወይም ክታብ ካለም አስቀድመህ እይ። አታስፈታት፤ ወደ ጆሮው ከፍ አድርጋ ትያዘው። የማተብ መስቀል ሳንባው ላይ አርፎ የተደገመ ራጅ ብዙ አይቻለሁ፤ በተደገመ ቁጥር ልጁ ያንኑ ያህል ጨረር እንደገና ይቀበላል።

አንተ ከመከለያው ጀርባ ቁም። በተንቀሳቃሹ ማሽን ዋርድ ውስጥ ስታነሳ የቁልፉን ገመድ እስከ ጫፉ ዘርጋው። 2 ሜትር ላይ የሚደርስህ የተበተነ ጨረር 1 ሜትር ላይ ከሚደርስህ ሩብ ያህሉ ነው፤ 3 ሜትር ላይ አንድ ዘጠነኛው።

ኤፕረኑ የተሰነጣጠቀው እየታጠፈ ስለተቀመጠ ነው፤ በሰፊ መስቀያ ይሰቀል እንጂ አይታጠፍ። ምስሉን የሚቀበለው የራጅ ካሴት ላይ ዘርግተህ ራሱን ራጅ አንሳው፤ ስንጥቁ ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል። ያንን ምስል ከደብዳቤ ጋር አያይዘህ ለአስተዳደሩ ስጥ፤ በቃል ከተነገረ አቤቱታ ይልቅ ምስሉን ለማለፍ ይከብዳቸዋል።

የሚደርስህን ጨረር የሚለካ ባጅ እንዳለህ አልነገርከኝም። ከሌለህ በዚሁ ደብዳቤ ላይ ጠይቅ፣ መብትህ ነው። ካለህ ደረትህ ላይ ከኤፕረኑ ሥር አድርገው፣ ስትወጣ ከራጅ ክፍሉ ውጭ አስቀምጠው፣ ውጤቱ ሲመጣም ቁጥሩን ራስህ አንብበው።