«ሸሸሁ» ሌላ፣ «ከቤት ጠፋሁ» ሌላ

ልጆቼ፣ እንዴት ናችሁ? እኔ ደሴ ላይ እንግሊዝኛ ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ «ረን አወይ» ነው። መሸሽ ማለት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔም ጠንቅቄ የማውቀው ይመስለኝ ነበር።

ነሐሴ 2013 ነው። ከወልድያና ከራያ ቆቦ የተፈናቀሉ ሰዎች ደሴ ገብተው በየትምህርት ቤቱ ተጠልለዋል። ከውጭ ለመጣ የእርዳታ ሠራተኛ ላስተረጉም ሄድኩ። አንዲት እናት የተማሪ ዴስክ ላይ ተቀምጣ ሕፃን ታጠባለች። የነጠላዋ ጫፍ ጭቃ ጠጥቶ ደርቋል። «ከቤቴ ሸሽቼ ነው የመጣሁት» አለች። ፈጠን ብዬ «ሺ ራን አወይ ፍሮም ሆም» አልኩ። ሰውየው መጻፉን አቆመና «ከባሏ ተጣልታ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ክው አልኩ። «ረን አወይ ፍሮም ሆም» እኛ «ልጁ ከቤት ጠፋ» የምንለው ነው። አኩርፎ ወይም ተማሮ፣ ለማንም ሳይናገር ውልቅ ያለ ሰው ነው የሚታሰበው። ያቺን እናት ግን ጦርነት ነው ያባረራት። ለእሷ የሚሆነው «ፍሊ» ነበር፤ ላለፈ ጊዜ «ፍሌድ»። «ሺ ፍሌድ ኸር ሆም» ይባላል፣ «ፍሮም» እንኳን አያስፈልገውም። እዚያው አረምኩ። እሷ ምን እንዳልኩባት አላወቀችም። እኔን ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ፣ ቃሉን ስታጠኑ ስለ ማን እንደሚነገር አብራችሁ አጥኑ። በአማርኛማ ማንም ሳያስተምራችሁ ታውቁበታላችሁ። ሌባ ይፈረጥጣል፣ እስረኛ ያመልጣል፣ የፈራ እግሬ አውጪኝ ይላል፣ የተገፋ ይሰደዳል። አንዱን ባንዱ ቦታ ብትተኩት ሰሚው ወዲያው ቅር ይለዋል።

«ረን አወይ ፍሮም» ችግርንና ኃላፊነትንም ለመሸሽ ይሆናል። ይሄ ቀላል ነው፤ እኛም ከኃላፊነት ሸሸ እንላለን። ተማሪ የሚሳሳተው «ዊዝ» ስትጨመር ነው። ገንዘብ ከሆነ ይዞ መጥፋት ነው። ፍቅረኛ ከሆነች ይዟት ጠፋ ነው። ውድድር ከሆነ ሌሎቹን ርቆ በቀላሉ ማሸነፍ ነው። ስሜት ወይም ሐሳብ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ የሚሮጠው ስሜቱ ነው፣ ሰውየው ይወሰዳል። ልጓም በጥሶ ጋላቢውን ይዞ የሚጋልብ ፈረስ አስቡ። «ዶንት ረን አወይ ዊዝ ዚ አይዲያ» ካሏችሁም «እንዲህ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ» ማለታቸው ነው።

አንድ ላይ ተገጥሞ «ረናወይ» ሲሆን ስም ወይም ቅጽል ይሆናል። ከቤት የጠፋ ልጅም፣ መቆጣጠር ያቃተው ነገርም በዚሁ ይጠራል። ለዚህኛው የሐረጎ ቁልቁለት ይበቃችኋል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ፍሬን እምቢ ያለው የጭነት መኪና «ረናወይ ትራክ» ነው። ልክ ያጣ የዋጋ ንረትም «ረናወይ ኢንፍሌሽን» ይባላል።

ደግሞ ከእኔ ታሪክ ተነስታችሁ «ረን አወይ»ን ለተፈናቃይ ጨርሶ አትጠቀሙ ያልኳችሁ እንዳይመስላችሁ። ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ደሴም ኮምቦልቻም ደረሰ። ከተማው ተረጋግቶ ትምህርት ሲጀመር ተማሪዎቼን ድርሰት አስጻፍኳቸው። አንዷ ልጅ «ዊ ኸርድ ዘ ጋንስ ኤንድ ዊ ራን አወይ» ብላ ጻፈች። ተኩስ ሰምተው፣ እናቷ እጇን ይዛ፣ በእግራቸው ሮጠው ነው የወጡት። ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ቆየሁ። ልክ ነበረች፤ አልነካሁትም።