ልጅሽን ወደ ኋላ ስላሰለፏት አትዘኚ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። የ13 ዓመት ልጅሽ እዚህ እንግሊዝ በትምህርት ቤቷ ሆኪ ትጫወታለች፤ አሰልጣኟ ከአጥቂነት አንስታ ተከላካይ ስላደረገቻት አልቅሳ ቤት ገባች። አንቺም «ይሄ ነገር ብሔራዊ ቡድን ያደርሳታል ወይ? እንጀራስ ይሆናታል?» ብለሻል። እኔ በ12 ዓመቴ መጥቼ 11 ዓመት ተጫውቻለሁ፣ ሁሌም ተከላካይ ሆኜ። ከክለባችን ሁለተኛ ቡድን ግን አላለፍኩም፤ ስለዚህ ስለ ትልልቆቹ የምነግርሽን እንደ ተመልካች ውሰጂው።

ለቅሶዋን በተመለከተ፣ ዝቅ አላደረጓትም። ሆኪ ላይ ጨዋታው የሚጀምረው ከኋላ ነው። ሜዳው በሙሉ ፊት ለፊቷ ስለሆነ ኳሷን ለማን እንደምትልክ የምትመርጠው እሷ ናት። ድፍረቱ ደግሞ ፔናሊቲ ኮርነር ላይ ይታያል፤ ተከላካዮች ጎላቸው አጠገብ ሲያጠፉ ለአጥቂዎቹ የሚሰጥ፣ ኳሷ ከጎሉ ጎን ካለው መስመር ተገፍታ የሚጀመር ምት ነው። አራት ተከላካዮች ከበረኛዋ ጋር ከጎል መስመር ኋላ ትቆማላችሁ፣ ፊታችሁ ላይ ጭምብል አለ፣ ኳሷ ከመስመር ስትወጣ ብድግ ብለሽ ወደምትመታዋ ልጅ ትሮጫለሽ። ወደ ኳሱ ነው የምትሮጪው! ኳሷ ደግሞ 160 ግራም ገደማ የምትመዝን ድርቅ ያለች ፕላስቲክ ናት። እናቴ አንዴ ልታየኝ መጥታ ጭምብሉን ስታይ «ምነው ልጄን ሊወግሯት ነው እንዴ?» ብላ ተነሳች።

ለእሷ ያስረዳኋት «ገና ጨዋታ ነው» ብዬ ነው። ቆልማማ በትር፣ ኳስ፣ ሩጫ፣ ምን ቀረ? ልዩነቱ እዚህ በትሩን የምትጠቀሚው በጠፍጣፋው ጎኑ ብቻ ነው፣ እግርሽ ኳሱን ከነካም ጥፋት ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባለውም እዚህ አይሰራም፤ አረንጓዴ ካርድ ያሳዩሽና ሁለት ደቂቃ ቁጭ ትያለሽ።

ልጅሽ ስለ ኬት ሪቻርድሰን ዋልሽ ትጠይቅ። ተከላካይ ናት፣ ለእንግሊዝና ለታላቋ ብሪታንያ 375 ጊዜ ተሰልፋለች፣ ከ2003 ጀምሮ 13 ዓመት አምበል ነበረች። መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። ሲድኒ 2000 ኦሎምፒክ ላይ ስምንተኛ ወጡ፣ ለአቴንስ 2004 ጭራሽ ማጣሪያውን አላለፉም። ለንደን 2012 ላይ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ጨዋታ ከጃፓን ጋር በትር አገጯን መትቶ መንጋጋዋን ሰበረው። ቀዶ ጥገና ተደርጎላት፣ ብረት ገብቶላት፣ ሁለት ጨዋታ ብቻ አምልጧት ተመለሰች፤ ነሐስም ይዛ ወጣች። እኔ ብሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ሾርባ ላይ ነበርኩ።

ሪዮ 2016 ላይ ወርቁ መጣ። ፍጻሜው ሁለት ኦሎምፒክ አከታትላ ካሸነፈችው ከኔዘርላንድ ጋር ነበር፣ 3 ለ 3 አለቀ። በመለያ ምቱ በረኛችን ማዲ ሂንች አንድም ጎል አልገባባትም። የመጨረሻዋን አግብታ ወርቁን ያመጣችው ሆሊ ዌብ ማን መሰለችሽ? ተከላካይ! በጨዋታው ላይ ሁለተኛውን ጎል ያገባችው ክሪስታ ከለንም ተከላካይ ናት። እሷ እንዲያውም ጎረቤታችን ኬንያ ያደገች ናት፤ ከለንደን በኋላ ሆኪውን ትታ ወደዚያው ሄዳ ስትሰራ ቆይታ ነው ለሪዮ የተመለሰችው። ልጅሽ «ተከላካይ ጎል አታገባም» ካለችሽ ይሄን ንገሪያት።

ወደ እንጀራው ስንመጣ ቁርጡን ልንገርሽ፣ እንደ እግር ኳስ አይደለም። የብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች ከሎተሪ ገንዘብ ድጎማ ያገኛሉ፣ ከ2009 ጀምሮም ቢሻም አቢ የሚባል ቦታ ተሰባስበው በቋሚነት ይለማመዳሉ። ያ ገንዘብ ያኖርሻል እንጂ ቤት አይገዛልሽም፣ ከቡድኑ ስትወጪ ደግሞ እሱም ይቆማል። ሻል ያለ የክለብ ሊግ የሚፈልጉ ኔዘርላንድ ይሄዳሉ፤ ኬትም ከሪዮ በኋላ እዚያ ብሉመንዳል ለሚባል ክለብ ተጫውታለች። ስለዚህ ትጫወት፣ ግን ትምህርቷን እንዳትለቅ። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲ እየተማሩ ነው የሚጫወቱት። ደግሞ በ13 ዓመቷ ስለ ብሔራዊ ቡድን ባታወሪባት ይሻላል፣ እኔን አባቴ በዚህ ወሬ አሰልችቶኝ ነበር።

አሰልጣኟን ግን አንድ ነገር ጠይቂ፦ ክለብ ትግባ ወይ? የትምህርት ቤት ጨዋታ ብቻውን አይበቃም። ክለብ ከገባች ቅዳሜሽን እርሺው፣ በጥር ብርድ ሜዳ ዳር ሻይ ይዘሽ መቆም ነው።

ከሁሉ በፊት ግን የጥርስ መከላከያ ግዢላት። በሙቅ ውሃ አለስልሰው የሚነክሱት ርካሹ ከምንም ይሻላል፣ ከቻልሽ ግን ጥርስ ሀኪም ዘንድ በልኳ አሰሪላት። ለልምምድም ታድርገው። እኔ «ልምምድ እኮ ነው» ብዬ ያወለቅሁ ማክሰኞ ነው የፊት ጥርሴ የሄደው። አሁን የምታይው የተተከለ ነው።