«የውሃ ጫና» ወይስ «የውሃ ግፊት»?

ጥያቄ፦ ለተማሪዎቼ ባዘጋጀሁት መልመጃ «በገንዳው ወለል ላይ የሚያርፈው የውሃ ጫና ስንት ነው?» ብዬ ጻፍሁ። የሥራ ባልደረባዬ «ግፊት» ብለው አረሙኝ። በሁለቱ መካከል ልዩነት አለ? (አንድ የፊዚክስ መምህር)

መልስ፦ አለ፤ ባልደረባዎም ትክክል ናቸው። «ጫና» የወጣበት «ጫነ» የግእዙ «ጸዐነ» ነው፤ ጸ ወደ ጨ ተለወጠ፣ ዐ ደግሞ ጠፍቶ ፊደሉን ራብዕ አድርጎት ቀረ። በሥሩ ያለው ሐሳብ ከላይ ወደ ታች የሚያርፍ ክብደት ነው። በዚህ ቃል የተማረ ልጅ ውሃ የሚጫነው ወለሉን ብቻ፣ ያውም በገንዳው ስፋት ልክ ይመስለዋል። የፍላንደርሱ የሒሳብ ሊቅ ሲሞን ስቴቪን በ1586 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው ግን ወሳኙ የውሃው ከፍታ እንጂ የዕቃው ቅርጽ አይደለም። በ2 ሜትር ጥልቀት ውሃው ብቻውን የሚፈጥረው ግፊት 1000 (የውሃው እፍጋት) በ9.8 (የመሬት ስበት) በ2 (ጥልቀቱ) ተባዝቶ 19,600 ፓስካል፣ ማለትም በእያንዳንዱ ሜትር ካሬ 19,600 ኒውተን ነው፤ ገንዳው ቢሰፋም ቢጠብም፣ በወለሉም ሆነ በዚያው ጥልቀት ባለው ግድግዳ ያው ነው። የሚለያየው ጠቅላላው ጉልበት ነው፤ ስፋቱ 1 ሜትር ካሬ በሆነ ወለል 19,600 ኒውተን፣ 3 ሜትር ካሬ በሆነ ወለል 58,800 ኒውተን ይሆናል። ይህንን ጉልበት «ጫና» የሚል ቢኖር አልከራከረውም።

«የሚገፋም ወደ አንድ ወገን ነው የሚገፋው፤ ታዲያ ግፊት በምን ይሻላል?» የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች «ገፋ»ን የሚያውቁት ከዛሬው አማርኛ ብቻ ነው። የግእዙ «ገፍዐ» መጫንንና መበደልን አጣምሮ ይይዛል፤ «ግፍ» እና «ግፉዓን» የወጡት ከዚሁ ነው፤ ግፉዕ የተባለ ሰው ደግሞ ከየአቅጣጫው የተጨነቀ ነው እንጂ ወደ አንድ ጎን የተገፈተረ አይደለም። ሥርወ ቃሉን ትተን በልማድ ብንዳኝም፣ «የደም ግፊት» ሲባል ደም የደም ሥሩን ግድግዳ በየወገኑ እንደሚገፋ ነው የምንረዳው። እኔ ብጠየቅ የጠፋችውን ፊደል «ዐ»ን የመለሰ «ግፍዐት» የሚለውን እመርጥ ነበር፤ ነገር ግን የሚጽፈው ስለሌለ «ግፊት» መጽናቱን ሳልወድ እቀበላለሁ።

ከቃሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ «ላይ» ነው። በአማርኛ «ላይ» መቀመጫንም ከፍታንም ስለሚያመለክት፣ «በነጥቡ ላይ ያለው ግፊት» የተባለ ተማሪ ከነጥቡ በላይ ያለውን ውሃ ብቻ ያስባል፤ ውሃው ነጥቡን ከሥርም ከጎንም እንደሚገፋው ይረሳል። መማሪያ መጻሕፍቱ ለምደውታልና ስሕተት ነው ብዬ ልፈርድበት አልችልም፤ እኔ ግን «በ2 ሜትር ጥልቀት ያለው ግፊት» ብዬ እጽፋለሁ።

ስለዚህ መልመጃዎን «በገንዳው ወለል ያለው የውሃ ግፊት ስንት ፓስካል ነው?» ብለው ያስተካክሉት። የአየሩ ግፊት እንዲደመር ከፈለጉ ግን «ጠቅላላ ግፊት» ይበሉና የቦታውን ከፍታ በጥያቄው ይግለጹ፤ በባሕር ጠለል 101,325 ፓስካል የሚባለው የአየር ግፊት በአዲስ አበባ ከፍታ ወደ 77 ሺህ ገደማ ይወርዳል።