የብሪታኒያ ፓርላማና የጤና አገልግሎቱ ክርክር፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ብሪታኒያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት (ኤን ኤች ኤስ) በጀትና ማሻሻያ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ወግ አጥባቂው ፓርቲ ከጅምሩ አገልግሎቱን ተቃውሟል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ በከፊል እውነት ነው። የሌበር ፓርቲ መንግሥት የጤና ሚኒስትር አኑሪን ቤቫን በ1946 ያቀረቡትን ረቂቅ ሕግ ወግ አጥባቂዎች በሁለተኛውም በሦስተኛውም ንባብ (ረቂቁ በፓርላማ ክርክርና ድምፅ በሚሰጥበት ዙር) ተቃውመው ድምፅ ሰጥተዋል። ይሁን እንጂ ወግ አጥባቂው ቸርችል የመሩት ጥምር መንግሥት በ1944 ባወጣው ሰነድ ለሁሉም የሚዳረስ ነጻ ሕክምና እንዲቋቋም ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ጠቡ የበረታው ቤቫን የማዘጋጃ ቤቶችንና የበጎ አድራጎት ሆስፒታሎችን ወደ መንግሥት ይዞታ በማዛወራቸው ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሌበር ፓርቲ በገንዘቡ ጉዳይ አንድ ነበር?

መልስ፦ አልነበረም፤ ይህን ታሪክ ሳያውቁ የዛሬውን ክርክር መረዳት አስቸጋሪ ነው ብዬ አምናለሁ። አገልግሎቱ በጁላይ 5 ቀን 1948 ሲጀመር የጥርስ ሕክምናና የመነጽር ፈላጊው ከተገመተው እጅግ በለጠ። የኮርያ ጦርነት የመከላከያ ወጪን ባናረበት በ1951 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሂዩ ጌትስኬል ከሰው ሠራሽ ጥርስና ከመነጽር ዋጋ ግማሽ ያህሉን ታካሚው እንዲከፍል በበጀታቸው አካተቱ። በመጀመሪያው ዓመት ይድናል የተባለው ገንዘብ 13 ሚሊዮን ፓውንድ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ የሠራተኛ ሚኒስትር የነበሩት ቤቫን ግን ጉዳዩን የመርሕ ጉዳይ አድርገው ያዙት፤ ሕክምና በነጻ ይሰጣል የተባለው ቃል አንዴ ከተሸረሸረ ማቆሚያ የለውም ብለው ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ሃሮልድ ዊልሰንም ተከተሏቸው። በ1952 የወግ አጥባቂዎች መንግሥት በሐኪም ትእዛዝ በሚሰጥ መድኃኒት ላይ የአንድ ሺሊንግ ክፍያ ጣለ።

ጥያቄ፦ አገልግሎቱን እንደገና ያዋቀረው የ2012ቱ ሕግ ይህን ያህል ያከራከረው ለምንድን ነው?

መልስ፦ የወግ አጥባቂዎችና የሊበራል ዴሞክራቶች የ2010 የጥምር መንግሥት ስምምነት አገልግሎቱን ከላይ እስከ ታች እንደገና ማዋቀር እንደሚቆም ቃል ገብቶ ነበር። ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የጤና ሚኒስትሩ አንድሩ ላንስሊ የአካባቢውን የጤና በጀት የሚይዙት ተቋማት ፈርሰው ገንዘቡ በቤተሰብ ሐኪሞች ለሚመሩ ቡድኖች እንዲተላለፍ፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም ውድድርን እንዲያበረታታ ሐሳብ አቀረቡ። ተቃውሞው ስለበረታ መንግሥት በኤፕሪል 2011 ረቂቁን ለጊዜው አቁሞ ምክክር ከፈተ። በጌቶች ምክር ቤት (በፓርላማው ላይኛ ምክር ቤት) ደግሞ ሚኒስትሩ ስለ አገልግሎቱ በፓርላማ ፊት ተጠያቂ ሆኖ መቀጠል አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ጥያቄ ዋናው የክርክር ነጥብ ሆነ፤ ለእኔ በጠቅላላው ክርክር ውስጥ ክብደት ያለው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ዜጋው አቤት የሚለው በመረጠው እንደራሴ በኩል ነውና። ሕጉ በማርች 2012 ጸደቀ። ከ10 ዓመት በኋላ በወጣ ሌላ ሕግ ያ አወቃቀር ፈርሶ የየአካባቢውን የጤና አገልግሎት በሚያቀናጁ 42 ቦርዶች ተተካ። የአገልግሎቱን ይዞታ እንዲመረምሩ በመንግሥት የተጠየቁት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሎርድ ዳርዚ በ2024 ባቀረቡት ሪፖርት የ2012ቱን ሕግ በዓለም አቀፍ ደረጃ አቻ የሌለው መቅሠፍት ብለውታል።

ጥያቄ፦ ግብር እየከፈልን ለቪዛ ሲባል ተጨማሪ የጤና ክፍያ የምንጠየቀው ስለ ምን ነው?

መልስ፦ ከውጭ የሚመጡ ቪዛ አመልካቾች የሚከፍሉት ይህ ክፍያ በ2015 ሲጀመር በዓመት 200 ፓውንድ ነበር፤ ከፌብሩዋሪ 2024 ወዲህ ለአዋቂ 1,035 ፓውንድ ደርሷል። ተቃዋሚዎቹ ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው ይላሉ፤ እኔም እስማማለሁ። በሜይ 2020 የያኔው የተቃዋሚ መሪ ኪር ስታርመር የጤናና የእንክብካቤ ሠራተኞች ከክፍያው ነጻ እንዲደረጉ በፓርላማ ሲጠይቁ የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን አንቀበልም ብለው ነበር፤ በማግስቱ ግን አቋማቸውን ቀየሩ።

ጥያቄ፦ በስኮትላንድም የጤና አገልግሎቱ የሚመራው እንዲሁ ነው?

መልስ፦ አገልግሎቱን የሚያስተዳድረው የራሷ ፓርላማ ነው፤ የመድኃኒት ክፍያም ከ2011 ጀምሮ ቀርቷል።

ጥያቄ፦ በእርስዎ አስተያየት ችግሩ ገንዘብ ነው ወይስ አወቃቀር?

መልስ፦ ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል ነው። ከ2014 እስከ 2019 ባለው ጊዜ ለሕንፃና ለመሣሪያ ከተመደበው ውስጥ 4.3 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ለዕለት ተዕለት ወጪ ተዛውሯል። እንደራሴዎቹ ስለ መዋቅር ሲከራከሩ በኪንግስ ሊን ከተማ ያለው የክዊን ኤልሳቤጥ ሆስፒታል ጣሪያ በሺዎች በሚቆጠሩ ድጋፎች ተይዞ ሕሙማን ከሥሩ ይታከሙ ነበር።