«ጋዘር» ሁሉ ሰበሰበ አይደለም

ጥያቄ፦ የትርጉም ሥራ ጀማሪ ነኝ። በእንግሊዝኛ ታሪክ ውስጥ አንዱ ጎረቤቱን «አይ ጋዘር ዩ አር ሊቪንግ ቱሞሮው» ይለዋል። «ነገ እንደምትሄድ ሰበሰብኩ» ብዬ ጻፍኩና ራሴው ሳቅኩ። ጋዘር መሰብሰብ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ጥሩ ሳቁ! ቃሉስ መሰብሰብ ነው። «አብሮ» የሚባልበት ቱጌዘርም የሥር ዘመዱ ነው። እዚህ ግን የተሰበሰበው ወሬና ምልክት ነው። ሰውየው በቀጥታ የነገረው የለም። ሻንጣ በር ላይ አይቶ ይሆናል፣ ጭምጭምታ ሰምቶ ይሆናል። ገጣጥሞ ደረሰበት።

አማርኛ ለዚህ ትንሽ ቃል አላት፤ «አሉ»። «ነገ ልትሄድ ነው አሉ» ቢል አለቀ። ከሰው ሳይሰማ ሻንጣውን ብቻ አይቶ ከሆነ ግን «አሉ» አይሆንም፤ «ልትሄድ ነው መሰለኝ» ይበል። «እንደተረዳሁት» ለደብዳቤ ጥሩ ነው። ጎረቤት ለጎረቤት ሲለው ግን ቢሮ ቢሮ ይሸታል።

እኔ የምወደው «ቃረመ»ን ነው። ቃርሚያ አጫጆች ካለፉ በኋላ የቀረውን ዘለላ መልቀም ነው፤ ሩት በቦዔዝ እርሻ ያደረገችው። «ከዚህም ከዚያም እንደቃረምኩት ነገ ልትሄድ ነው» ቢሉ የእንግሊዝኛው ሥዕል ሳይቀር ይመጣል። ተናጋሪው ወሬ ወዳድ ከሆነማ ልክክ ይላል።

በሌላውም ቦታ ቢሆን ሰበሰበን አያስቸኩሉት። እንግሊዝኛው ለሁሉም ጋዘር ሲል የእኛ ጭራሮ ይለቀማል፣ መኪና ፍጥነት ይጨምራል። መደርደሪያ ላይ የተረሳ መጽሐፍም አቧራ ይጠጣል እንጂ አቧራ አይሰበስብም። የልብስ ሰፊ ጋዘር ደግሞ ሽብሽብ ነው።

በተቃራኒው የእኛ ሰበሰበ ጋዘር የማይደርስበት ይደርሳል። ታክሲ ውስጥ «እግርህን ሰብሰብ አድርግ» ይባላል። ቁጥብ፣ ጨዋ የሆነችውን «ሰብሰብ ያለች ልጅ» እንላታለን። ይህን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱ ግን ይጠንቀቁ። «ጋዘርድ» ካሏት ልጅቷን እንደ ቀሚስ ሸበሸቧት ማለት ነው።