ሜላኒን የተጫወተችው ተዋናይትና የሰባት ዓመቱ ውል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ነቢይ መኰንን «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ወደ አማርኛ የመለሰውን ልብ ወለድ ካነበብኩ በኋላ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተባለውን ፊልም አፈላልጌ ተመለከትኩት። ስካርሌትን ስለሆነችው ተዋናይት ብዙ ተጽፏል፤ እኔን የማረከችኝ ግን ሜላኒን ሆና የተጫወተችው ናት። ስሟ ኦሊቪያ ደ ሃቪላንድ እንደሆነና አሠሪዋን ከሳ እንደረታች ሰምቻለሁ። ክሱ በምን ምክንያት ነበር? እንዴትስ ልታሸንፍ ቻለች? ከሌሎች ፊልሞቿ የትኛውን ባይ ይሻለኛል?
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከደሴ

መልስ፦ ብዙ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሜላኒን ያወቃት ነቢይ መኰንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ ከተረጎመው መጽሐፍ ስለሆነ፣ በአገራችን ከተዋናይቷ ይልቅ ገጸ ባሕርይዋ ትታወቃለች። ሜላኒ ዝግተኛ፣ ታጋሽና ይቅር ባይ ናት። ኦሊቪያ ግን ፊልሙ ለሕዝብ ከታየ አራት ዓመት ሳይሞላው በሆሊዉድ እጅግ ከሚፈሩት አሠሪዎች አንዱን ፍርድ ቤት ያቆመች ሴት ነበረች። በእኛ ግምት ይህ ሙግት ካገኘቻቸው ሁለት የኦስካር ሽልማቶች የበለጠ ሥራዋ ነው፤ ሽልማቶቹም ቢሆኑ ሙግቱን ካሸነፈች በኋላ የመጡ ናቸው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦሊቪያ የተወለደችው ጁላይ 1 ቀን 1916 በቶኪዮ ከተማ ከእንግሊዛውያን ወላጆች ነው። እናቷ በመድረክ ተዋናይነት የሠለጠነች ሴት ስትሆን፣ በ1919 ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ካሊፎርኒያ ገባችና ሳራቶጋ በምትባል ትንሽ ከተማ አሳደገቻቸው። ኦሊቪያ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች፣ በ1934 ታዋቂው የቴአትር አዘጋጅ ማክስ ራይንሃርት በሆሊዉድ ቦውል ባቀረበው የሼክስፒር ተውኔት ላይ የሄርሚያን ገጸ ባሕርይ በተጠባባቂነት እንድታጠና ተመረጠች፤ ዋናዋ ተዋናይት ስትቀር መድረኩ ለእሷ ሆነ። ዋርነር ብራዘርስ የተባለው የፊልም ስቱዲዮ ተውኔቱን ወደ ፊልም ሲለውጠው እሷንም አብሮ አስፈረማት። በ1935 በ«ካፕቴን ብለድ» ከኤሮል ፍሊን ጋር ተጣመረች፤ ሁለቱ እስከ 1941 ድረስ «ሮቢን ሁድ»ን ጨምሮ በስምንት ፊልሞች አብረው ታዩ።

ቅሬታዋ የጀመረውም እዚሁ ላይ ነው። ፊልሞቹ ገንዘብ ያስገኙ ነበር፤ የእርሷ ድርሻ ግን በአብዛኛው ጀግናው እስኪመጣ ድረስ የምትጠብቅና ሲመጣ የምታለቅስ ቆንጆ ሴት መሆን ነበር። የሜላኒን ገጸ ባሕርይ ያገኘችውም ከራሷ ስቱዲዮ አይደለም። ፕሮዲዩሰሩ ዴቪድ ሴልዝኒክ ለሙከራ ቤቱ ሲያስጠራት፣ ዳይሬክተሩ ጆርጅ ኪውኮር ራሱ ስካርሌትን ሆኖ መጋረጃ ጨብጦ ቃለ ተውኔቱን አብሯት እንዳነበበ ኦሊቪያ በኋላ እየሳቀች ትናገር ነበር። ሴልዝኒክ ቢወዳትም የስቱዲዮዋ ኃላፊ ጃክ ዋርነር ለሌላ ፕሮዲዩሰር አላውሳትም አለ። እሷም የዋርነርን ባለቤት ሻይ ጋብዛ ለመነቻት፤ ሚስት ባሏን አግባብታ እሺ አሰኘችው። ኪውኮር ቀረጻው በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተነሥቶ በቪክቶር ፍሌሚንግ ሲተካ፣ ኦሊቪያና ስካርሌትን የተጫወተችው ቪቪየን ሊ አንዷ ስለሌላዋ ሳታውቅ በየፊናቸው ወደ ኪውኮር ቤት እየሄዱ በድብቅ ምክር ይቀበሉ ነበር። በዚህ ፊልም ለረዳት ተዋናይት ሽልማት ታጨች፤ ሽልማቱን የወሰደችው ግን በዚያው ፊልም ማሚን የተጫወተችው ሃቲ ማክዳንኤል ስትሆን፣ ኦስካር በመቀበል የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሆናለች።

ኦሊቪያ ይህን ያህል ከሠራች በኋላ ወደ ዋርነር ስትመለስ የሚሰጧት ድርሰቶች እንደ ቀድሞው ዓይነት ነበሩ። አሁን እምቢ ማለት ጀመረች። እምቢታው ምን እንደሚያስከትል ለመረዳት የዘመኑን ውል ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ተዋናይ ከስቱዲዮ ጋር የሚፈራረመው ብዙውን ጊዜ ለሰባት ዓመት ነበር። ስቱዲዮው በየተወሰነው ጊዜ ውሉን ሊያድስ ወይም ሊያሰናብተው ሲችል፣ ተዋናዩ ግን በራሱ ፈቃድ ጥሎ መሄድ አይችልም። የተሰጠውን ድርሰት አልሠራም ያለ ተዋናይ ከደመወዝ ይታገዳል፤ እገዳውም የሚቆየው ያ ፊልም በሌላ ሰው ተሠርቶ እስኪያልቅ ድረስ ሊሆን ይችላል። ዋናው ተንኮል ደግሞ ከዚህ በኋላ ነው፤ ታግዶ የተቀመጠበት ጊዜ ተቆጥሮ በውሉ መጨረሻ ላይ ይጨመርበታል። ስለዚህ ሰባት ዓመት የተባለው ውል፣ አሻፈረኝ ለሚል ሰው ስምንትም ዘጠኝም ዓመት ሊሆን ይችል ነበር። በግልጽ አነጋገር ይህ ውል የሚያበቃው አሠሪው ሲበቃው ነበር።

የኦሊቪያ ውል የተፈረመው በ1936 ነበርና በ1943 ሰባቱ ዓመት ሲሞላ ነፃ የወጣች መሰላት። ዋርነር ግን የእገዳዎቹን ጊዜ ደምሮ ስድስት ወር ገደማ ይቀርሻል አላት። በዚህ ጊዜ ማርቲን ጋንግ የተባለ ጠበቃ በካሊፎርኒያ የሠራተኛ ሕግ ውስጥ ያለ አንድ አንቀጽ አሳያት፤ አንቀጹ አንድን ሰው ከሰባት ዓመት በላይ በግል አገልግሎት ውል አስገድዶ ማሠራት አይቻልም ይላል። ጥያቄው ሰባት ዓመት ማለት ምን ማለት ነው የሚል ሆነ። ስቱዲዮው በሥራ ላይ የዋለ ጊዜ ብቻ ነው የሚቆጠረው ሲል፣ ጋንግ በበኩሉ ሠራም አልሠራም በቀን መቁጠሪያ የሚቆጠር ሰባት ዓመት ነው ብሎ ተከራከረ። ኦሊቪያ በነሐሴ ወር 1943 ክስ መሠረተች።

ይህ ድፍረት ቀላል እንዳልነበር ለማየት ተዋናይት ቤቲ ዴቪስን ማስታወስ ይበቃል። በ1936 ዴቪስ ከዚሁ ስቱዲዮ ጋር ተጣልታ እንግሊዝ አገር ፊልም ልትሠራ ብትሄድ፣ ዋርነር ለንደን ላይ ከስሶ ረታትና ተመልሳ ውሏን ለመፈጸም ተገደደች። ኦሊቪያም የዴቪስ ዕጣ እንዳይደርስባት የሚያሰጋ ነገር ነበር፤ ጃክ ዋርነር ለሌሎች ስቱዲዮዎች እየጻፈ እንዳይቀጥሯት ስላስጠነቀቀ ሁለት ዓመት ያህል ፊልም ሳትሠራ ቀረች፤ የጠበቃውንም ወጪ ከኪሷ ከፈለች። በዚያ ጊዜ ዓለም በጦርነት ላይ ስለነበረች እሷም ሥራ ፈትታ አልተቀመጠችም፤ እስከ አላስካና ደቡብ ፓስፊክ ደሴቶች ድረስ እየሄደች በወታደር ሆስፒታሎች የቆሰሉትን ትጠይቅ ነበር።

የሥር ፍርድ ቤቱ ለእሷ ፈረደ። ዋርነር ይግባኝ አለ። የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ ወር 1944 የሥሩን ፍርድ ሲያጸና፣ ሰባት ዓመት የሚቆጠረው በቀን መቁጠሪያ እንደሆነና ሕጉ ለሠራተኛው ሕዝብ ጥበቃ የወጣ በመሆኑ ሠራተኛው ራሱ እንኳ ፈርሞ ሊተወው እንደማይችል አስረዳ። ለእኛ የፍርዱ ጥንካሬ ያለው በዚህ በሁለተኛው ሐሳብ ውስጥ ነው፤ ይህ ባይኖር ኖሮ ስቱዲዮዎቹ በሚቀጥለው ውል ላይ አንድ መስመር ጨምረው ሁሉን ወደነበረበት በመለሱት ነበር። በ1945 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን አላይም ስላለ ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። ከጦር ሜዳ የሚመለሱ ተዋንያንም ወታደር ቤት የቆዩበት ዘመን በውላቸው ላይ እንዳይጨመርባቸው ፍርዱ ጠቀማቸው። ሕጉ እስከ ዛሬ በእርሷ ስም የደ ሃቪላንድ ሕግ እየተባለ ይጠራል፤ በ1987 የሙዚቃ አሳታሚዎች ባደረጉት ግፊት ዘፋኞችን በሚመለከት መሻሻሉ ግን የሕጉን ጉልበት በዚያ በኩል አድክሞታል።

ነፃ ከወጣች በኋላ የመረጠቻቸው ፊልሞች ምን ትፈልግ እንደነበር ያሳያሉ። በ1946 በ«ቱ ኢች ሂዝ ኦውን» ልጇን ለሌላ ሰው ሰጥታ ከሩቅ የምትከታተልን እናት ከወጣትነት እስከ ጎልማሳነት ተጫውታ የመጀመሪያ ኦስካሯን ወሰደች። በ1948 ለ«ዘ ስኔክ ፒት» ስትዘጋጅ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎችን እየጎበኘች ሕክምናውን በዓይኗ አየች፤ በፊልሙም ያለ ጌጥና ያለ ውበት ቅባት ታየች። ጠያቂያችን አንድ ብቻ ምረጡልኝ ካሉን ግን በ1949 የወጣውንና ሁለተኛውን ኦስካር ያስገኘላትን «ዘ ኤሬስ» እንጠቁማለን። እጮኛዋ አብረን እንጠፋለን ብሎ የቀረባት ልጅ ሻንጣዋን ይዛ ደረጃውን የምትወጣበትን ትዕይንት ዳይሬክተሩ ዊልያም ዋይለር ደጋግሞ አስቀረጻት። በመጨረሻ ተናድዳ ሻንጣውን ስትወረውረው ባዶ መሆኑ ታወቀና ዋይለር መጻሕፍት እንዲሞሉበት አዘዘ። በፊልሙ የሚታየው የትከሻዋ መዝለፍለፍ ከእውነተኛ ክብደት የመጣ ነው። ሜላኒን የወደደ ሰው በዚህ ፊልም መጨረሻ የሚያገኛትን ቀዝቃዛና ጨካኝ ሴት ሲያይ ያችው ተዋናይት መሆኗን ይጠራጠራል።

ጥያቄ፦ ኦሊቪያ ደ ሃቪላንድና ተዋናይት ጆን ፎንቴይን እህትማማቾች ናቸው ይባላል። ተኳርፈው ኖረዋል የሚባለውስ እውነት ነው? በእርጅናዋም ደግሞ ሌላ ክስ መሥርታ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ።
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አዎን፣ የአንድ እናትና አባት ልጆች ናቸው፤ ጆን በአሥራ አምስት ወር ታንሳለች፤ የስሟም ልዩነት የእንጀራ አባታቸውን ስም በመውሰዷ ነው። በ1942 ሁለቱም ለአንድ ሽልማት ታጭተው ጆን አሸነፈች። በ1947 ኦሊቪያ ስታሸንፍ ጆን እንኳን ደስ ያለሽ ልትል ብትቀርብ ፊቷን አዙራባታለች፤ ፎቶግራፉም አለ። እናታቸው በ1975 ካረፈች በኋላ ጨርሶ ተለያዩ። ጋዜጦች በዚህ ጉዳይ ላይ ያፈሰሱት ቀለም ከሚገባው በላይ ነው ብለን ስለምናምን ከዚህ አንዘልቅም፤ ሁለት እህቶች በየፊናቸው የዋና ተዋናይት ኦስካር የወሰዱበት ሌላ ታሪክ እንደሌለ ግን እንጨምራለን። ጆን በ2013 አርፋለች።

ኦሊቪያ በ1955 ፒየር ጋላንት የተባለ ፈረንሳዊ ጋዜጠኛ አግብታ ኑሮዋን ፓሪስ አደረገች፤ በ1965 የካን ፊልም ፌስቲቫልን የዳኞች ጉባኤ በመምራት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ በ2020 በ104 ዓመቷ ያረፈችውም በዚያው ከተማ ነው። ሁለተኛው ክስ የተመሠረተው በ2017፣ 101 ዓመት ልትሞላ አንድ ቀን ሲቀራት ነበር። ስለ ቤቲ ዴቪስና ጆን ክሮፎርድ ጠብ የሚተርክ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ፣ ሳይጠይቃት እሷን በስሟ ገጸ ባሕርይ አድርጎ፣ የሰው ሐሜት የምታወራና እህቷንም በጸያፍ ቃል የምትጠራ አስመስሎ አቅርቦኛል ስትል የኤፍኤክስ ቴሌቪዥን ጣቢያን ከሰሰች። የመጀመሪያው ዳኛ ጉዳዩ ይቀጥል ብለው ነበር። በ2018 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ በሕይወት ያለ ታዋቂ ሰው ታሪኩ ሲተረክ የመፍቀድም የመከልከልም ሥልጣን የለውም፤ እንዲህ ያለ ሥልጣን ቢኖረው የመናገር ነፃነት ይጠበባል በማለት ክሱን ውድቅ አደረገው። ሰባ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ የፈረደላትም የዚያችው ግዛት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ነበር። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኟን አልተቀበለም፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2019 መጀመሪያ ጉዳዩን አላይም አለ።